ካርቱም ስንት ሰዓት ነው? በምስለ በረራ ውስጥ በትክክል የሚሠራ ሰዓት እንዴት ይሰናዳል?

የሱዳን መዲና ካርቱም ባለፉት ሦስት አሥርት ዓመታት ውስጥ ሰዓቷን ሁለት ጊዜ ቀይራለች። መጀመሪያ አንድ ሰዓት ወደፊት ገፋች፤ ከ17 ዓመታት በላይ ቆይታ ደግሞ ወደነበረችበት ተመለሰች። ለከተማዋ ነዋሪ ይህ የእጅ ሰዓቱን አንድ ጊዜ አስተካክሎ የሚያልፈው ጉዳይ ነው። በኮምፒውተር ላይ ለሚበሩ አውሮፕላኖች መሣሪያ ለሚሠሩ ሰዎች ግን ለውጡ ቀላል የሚመስለውን ጥያቄ አስቸጋሪ ያደርገዋል። በአብራሪው ፊት የተገጠመው ትንሽ ሰዓት አውሮፕላኑ ካርቱም ላይ ሲሆን ስንት ሰዓት ማሳየት አለበት?

ጥያቄው የጨዋታ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የአብራሪነት ሙያ የሚማሩ ወጣቶች ከትምህርት ሰዓታቸው ውጪ በቤታቸው ኮምፒውተር ይለማመዳሉ። ሰዓት አይቶ ዙር መቁጠርን፣ የመነሻና የመድረሻ ጊዜ መመዝገብን፣ የቀረ ነዳጅን በደቂቃ ማስላትን የሚለምዱት በዚያው መሣሪያ ፊት ነው። ሰዓቱ ከተሳሳተ የሚለመደውም ስህተት ይሆናል።

ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለው ሰዓት እንዴት እንደሚሰናዳ፣ ስህተቶቹም ከየት እንደሚመጡ ያስረዳል። ካርቱምን ደግሞ እንደ ዋና ምሳሌ ይወስዳል።

ከሥዕል ወደ መሣሪያ

ምስለ በረራ ወይም ሲሙሌተር የእውነተኛ በረራን ሁኔታ በኮምፒውተር የሚያስመስል ሥርዓት ነው። በአየር መንገዶች ማሠልጠኛ ውስጥ ሙሉ የአብራሪዎች ክፍል የያዘ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ የሚንቀሳቀስ ግዙፍ መሣሪያ ነው። በመኖሪያ ቤት ደግሞ እንደ ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር፣ ኤክስ ፕሌን ወይም በነጻ እንደሚገኘው ፍላይትጊር ያለ ፕሮግራም ሊሆን ይችላል። በእነዚህ ፕሮግራሞች ላይ ሌሎች ሰዎች አውሮፕላን፣ አየር ማረፊያና መሣሪያ ሠርተው ይጨምራሉ። ጭማሪዎቹ በተለምዶ «አድ ኦን» ይባላሉ።

አድ ኦን የሚሠራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከመልክ ነው። የአብራሪውን ክፍል ይስላል፤ የፍጥነት፣ የከፍታና የአቅጣጫ መለኪያዎችን በየቦታቸው ያስቀምጣል። ሰዓቱ ግን ብዙ ጊዜ ሥዕል ሆኖ ይቀራል። ቁጥሮቹ ይታያሉ፤ አይንቀሳቀሱም። ሥዕሉን ወደሚሠራ መሣሪያ ለመቀየር ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ፦ ጊዜውን ከምስለ በረራው ማንበብ፣ ያነበቡትን ማስላት፣ ውጤቱን በቁጥር መሳል።

ለምሳሌ ያህል ሴስና 172 በተባለው ታዋቂ የማሠልጠኛ አውሮፕላን ላይ የሚገጠመውን ዳቭትሮን ኤም 803 የተሰኘ ዲጂታል ሰዓት እንመልከት። ከመዳፍ ያነሰ መሣሪያ ነው። ከላይ የውጪውን አየር ሙቀትና የባትሪውን ቮልቴጅ የሚያሳይ መስመር አለው። ከታች ደግሞ ዓለም አቀፉን ሰዓት፣ የአካባቢውን ሰዓት፣ የበረራ ጊዜንና የጊዜ መቁጠሪያን እያፈራረቀ ያሳያል። የሚታዘዘው በሦስት ቁልፎች ነው። ይህን ያህል ትንሽ መሣሪያ በትክክል ለማስመሰል ግን ስለ ጊዜ ጥቂት የማይባል ነገር ማወቅ ይጠይቃል።

ከሰከንድ ወደ ሰዓት

ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተርም ሆነ ኤክስ ፕሌን ጊዜን ለአድ ኦን ሠሪው የሚሰጡት «ስምንት ሰዓት ከሩብ» በሚል አገላለጽ አይደለም። በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ያለፉትን ሰከንዶች በአንድ ቁጥር ይሰጣሉ። አንድ ቀን 86,400 ሰከንድ ስላለው ቁጥሩ ከዜሮ ተነሥቶ ወደዚያ ይጠጋል፤ እኩለ ሌሊት ላይ እንደገና ዜሮ ይሆናል።

ቁጥሩ 29,350 ነው እንበል። ለ3,600 ሲካፈል 8 ሙሉ ሰዓት ይገኛል፤ 550 ሰከንድ ይቀራል። 550 ለ60 ሲካፈል 9 ደቂቃ ይገኛል፤ 10 ሰከንድ ይቀራል። ሰዓቱ ስምንት ሰዓት ከዘጠኝ ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ጀማሪዎችን የሚያጋጥም አንድ እንከን አለ። ኮምፒውተሩ ውጤቱን እንዳለ ከጻፈው 8:9:10 ይሆናል። በአውሮፕላን ሰዓት ላይ ግን 08:09:10 መሆን አለበት። ከአሥር በታች ያለ ቁጥር ሁሉ ከፊቱ ዜሮ ያስፈልገዋል። አለዚያ ቁጥሮቹ ወዲያና ወዲህ ይዘላሉ፤ አብራሪው በአንድ አፍታ እይታ ሊያነባቸው አይችልም።

ሌላው ነጥብ የኮምፒውተሩን አቅም ይመለከታል። ምስለ በረራ በአንድ ሰከንድ ውስጥ 30፣ 60 ወይም ከዚያ በላይ ምስል ይሥላል። ሰዓቱ ግን የሚለወጠው በሰከንድ አንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ ጥሩ ፕሮግራም ቀድሞ ያሳየውን ቁጥር ያስታውሳል፤ አዲሱ ከቀድሞው ሲለይ ብቻ እንደገና ይሥላል። አንድ ሰዓት ብቻ ቢሆን ልዩነቱ ላይሰማ ይችላል። በአንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ብዙ መሣሪያዎች ሁሉ በከንቱ ሲሣሉ ግን በረራው ይንቀራፈፋል።

አቪዬሽን ለምን አንድ ሰዓት ይጠቀማል?

በዓለም አቀፍ የአቪዬሽን ደንብ መሠረት አብራሪዎችና የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች የሚጠቀሙት የተቀናጀውን ዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። በምህጻሩ ዩቲሲ ይባላል፤ በአብራሪዎች ቋንቋ ደግሞ «ዙሉ»። በ24 ሰዓት አቆጣጠር ይነገራል፤ በየትኛውም አገር አንድ ነው። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ የአየር ትራፊክ አገልግሎት ሰጪዎች ሰዓት ከዚህ ሰዓት በ30 ሰከንድ እንኳ እንዳይርቅ ያዛል።

ምክንያቱን ከካርቱም ወደ አዲስ አበባ በሚደረግ በረራ ማየት ይቻላል። በሁለቱ ከተሞች መካከል በቀጥታ መስመር 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። አንድ አውሮፕላን በካርቱም ሰዓት 13:00 ላይ ተነሥቶ በአዲስ አበባ ሰዓት 15:45 ላይ አረፈ እንበል። ሁለቱን ቁጥሮች ያቀናነሰ ሰው በረራው 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ፈጀ ይላል። አውሮፕላኑ ግን በአየር ላይ የቆየው 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ብቻ ነው። በዙሉ ሲጻፍ መነሻው 11:00፣ መድረሻው 12:45 ይሆናል፤ ሂሳቡም ያለ ጥርጥር ይወጣል።

ለፕሮግራም ጸሐፊው ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ሰዓቱ በውስጡ የሚይዘው ጊዜ አንድ ብቻ ይሁን፤ እርሱም ዙሉ ነው። የአካባቢ ሰዓት፣ የበረራ ጊዜም ሆነ ሌላው ሁሉ ከእርሱ የሚወጣ ስሌት እንጂ ራሱን ችሎ የሚሮጥ ሁለተኛ ሰዓት መሆን የለበትም። ሁለት ሰዓት ለየብቻ የሚያስሮጥ ፕሮግራም ቆይቶ ሁለቱ የማይስማሙበት ቀን ይመጣበታል።

የዳቭትሮን ሰዓት ሠሪዎችም ይህን ተረድተዋል። አብራሪው የአካባቢውን ሰዓት ሲያስተካክል መቀየር የሚችለው ሰዓቱን ብቻ ነው። ደቂቃው ከዓለም አቀፉ ሰዓት ጋር የተያያዘ ስለሆነ ለብቻው አይነካም። በዚህ የተነሣ ይህ መሣሪያ ከዓለም አቀፉ ሰዓት 5 ሰዓት ተኩል የምትቀድመውን የህንድን ሰዓት በአካባቢ ሰዓትነት ማሳየት አይችልም። ለመሣሪያው ታማኝ መሆን የሚፈልግ አድ ኦን ሠሪ ይህንንም ጉድለት አብሮ ማስመሰል ይኖርበታል።

የካርቱም እንቆቅልሽ

ከዙሉ ወደ አካባቢ ሰዓት መሸጋገር ሲታይ ቀላል ነው። ለኢትዮጵያ ሦስት መደመር፣ ለግብፅ መደበኛ ሰዓት ሁለት መደመር ይበቃል። ለካርቱምስ?

ሱዳን ለረጅም ዓመታት ከዓለም አቀፉ ሰዓት 2 ሰዓት ትቀድም ነበር። ጥር 6 ቀን 1992 ዓ.ም. (እአአ ጃንዋሪ 15 ቀን 2000) እኩለ ቀን ላይ አንድ ሰዓት ወደፊት ገፋች፤ ቅድሚያዋም 3 ሰዓት ሆነ። ከዚያ በኋላ ካርቱምና አዲስ አበባ አንድ ዓይነት ሰዓት ነበራቸው። በካርቱም የሚኖር ኢትዮጵያዊ ወደ አገር ቤት ሲደውል የሰዓት ልዩነት ማስላት አያስፈልገውም ነበር። ጥቅምት 22 ቀን 2010 ዓ.ም. (እአአ ኖቬምበር 1 ቀን 2017) ደግሞ ሱዳን ወደ ቀድሞው 2 ሰዓት ተመለሰች። በእአአ 2011 ነጻነቷን ያገኘችው ደቡብ ሱዳን ግን በ3 ሰዓት ቆየች። እርሷም ለውጡን ያደረገችው ጥር 24 ቀን 2013 ዓ.ም. (እአአ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2021) ነው። በመካከሉ ከሦስት ዓመት በላይ በካርቱምና በጁባ መካከል የአንድ ሰዓት ልዩነት ነበር።

በ2016 አንድ ሰው አድ ኦን ሠርቶ ለካርቱም «ሦስት ደምር» ብሎ ጻፈ እንበል። በዚያ ዓመት ትክክል ነበር። በ2018 ግን ያው ፕሮግራም አንድ ፊደል ሳይለወጥበት ስህተት ሆነ። የተበላሸው ፕሮግራሙ አይደለም፤ ከፕሮግራሙ ውጪ ያለው ዓለም ተለወጠ።

ስህተቱን ለማረም ሦስቱን በሁለት መተካት ደግሞ ሌላ ስህተት ይፈጥራል። የምስለ በረራ ተጠቃሚ ቀኑን ወደ ኋላ መልሶ ማብረር ይችላልና። በ2016 አንድ ቀን በዙሉ 12:00 ላይ የካርቱም ሰዓት 15:00 ነው፤ በ2018 በዚያው በዙሉ 12:00 ላይ 14:00 ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ መጠየቅ ያለበት «የት ነው ያለሁት?» ብቻ ሳይሆን «መቼ ነው ያለሁት?» ብሎም ነው።

ኬንትሮስ ለምን አይበቃም?

አንዳንድ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ችግሩን በጂኦግራፊ ለመፍታት ይሞክራሉ። ምድር በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ትዞራለች፤ በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ ማለት ነው። ስለዚህ የቦታውን ኬንትሮስ ለ15 አካፍሎ ወደ ቅርቡ ሙሉ ቁጥር ማጠጋጋት የሰዓቱን ልዩነት ይሰጣል የሚል ሐሳብ አለ።

ካርቱም በ32 ዲግሪ ተኩል ምሥራቅ ኬንትሮስ ገደማ ትገኛለች። ለ15 ሲካፈል 2.17 ይሆናል፤ ሲጠጋጋ 2። ለዛሬዋ ካርቱም ትክክል ነው። አዲስ አበባ በ38.7 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት፤ ውጤቱ 2.58፣ ሲጠጋጋ 3። ይህም ትክክል ነው። ሁለቱን ብቻ የፈተነ ሰው ዘዴው ይሠራል ብሎ ሊያርፍ ይችላል።

ባሕር ዳር ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ ይፈርሳል። ከተማዋ የምትገኘው በ37.4 ዲግሪ ገደማ ነው። ለ15 ሲካፈል 2.49 ይሆናል፤ ሲጠጋጋ 2። በዚህ ስሌት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ጣና ዳር ያረፈ አውሮፕላን ሰዓቱ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል። ጎንደር፣ ጅማ፣ አሶሳና ጋምቤላም በዚህ ስሌት በካርቱም ሰዓት ይመራሉ። ኢትዮጵያ ግን ከዳር እስከ ዳር አንድ ሰዓት ነው ያላት።

ፀሐይ የምትናገረውና መንግሥት የሚደነግገው ሁልጊዜ አይገጥሙም። በፀሐይ ብቻ ቢቆጠር ካርቱም ከዓለም አቀፉ ሰዓት የምትቀድመው በ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ነው። በ3 ሰዓት አቆጣጠር ዘመን ፀሐይ በካርቱም አናት ላይ የምትደርሰው በአማካይ 12:50 ላይ ነበር፤ አሁን 11:50 ላይ ነው። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል የሚለው የመንግሥት ውሳኔ ነው። ውሳኔ ደግሞ ከካርታ አይሰላም፤ ከመዝገብ ይነበባል።

የዓለም ሰዓቶች መዝገብ

እንዲህ ያለ መዝገብ አለ። በ1980ዎቹ አርተር ዴቪድ ኦልሰን በተባሉ አሜሪካዊ የኮምፒውተር ባለሙያ ተጀምሮ ዛሬ ኢያና በተሰኘው የኢንተርኔት ቁጥሮችና ስሞች አስተዳዳሪ ሥር የሚታተም የሰዓት ቀጠናዎች መዝገብ ነው። በብዙ ስልኮችና ኮምፒውተሮች ውስጥ ይገኛል። እያንዳንዱን ቀጠና በአንድ ታዋቂ ከተማ ስም ይጠራል፤ የሱዳኑ «አፍሪካ/ካርቱም» ይባላል። የ2017ቱ የሱዳን ለውጥ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ወር በወጣው እትም ገባ፤ የደቡብ ሱዳኑም ለውጡ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ተካተተ። ዝማኔ ያልደረሰው ስልክ በማግስቱ የተሳሳተ ሰዓት የሚያሳየው በዚህ ምክንያት ነው።

ለአንድ ትንሽ አድ ኦን ሙሉው መዝገብ ከበዛ ለካርቱም ሦስት መስመር ይበቃል። እአአ ጃንዋሪ 15 ቀን 2000 በዙሉ 10:00 ድረስ ሁለት ይደመራል። ከዚያ ጀምሮ እስከ ኦክቶበር 31 ቀን 2017 በዙሉ 21:00 ድረስ ሦስት ይደመራል። ከዚያ በኋላ ሁለት። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ አጋማሽ ሱዳን ትጠቀምበት የነበረውን የበጋ ሰዓት ለመጨመር ግን ወደ ሙሉው መዝገብ መሄድ ያስፈልጋል።

ድንበሮቹ በዙሉ የተጻፉት ያለ ምክንያት አይደለም። በ2000 ለውጡ በተደረገበት ቀን የካርቱም ሰዓት ከ12:00 በቀጥታ ወደ 13:00 ዘለለ። በዚያ ቀን 12:30 የሚባል ሰዓት ካርቱም ውስጥ አልነበረም። በ2017 ደግሞ ኖቬምበር 1 ሊገባ ሲል ሰዓቱ ወደ 23:00 ስለተመለሰ የኦክቶበር 31 የመጨረሻዋ ሰዓት ሁለት ጊዜ አለፈች። በዚያ ሌሊት «23:30 ላይ» የተባለ ክስተት ከሁለቱ በየትኛው እንደሆነ በአካባቢ ሰዓት ብቻ መለየት አይቻልም። ከዙሉ ወደ አካባቢ ሰዓት ሲኬድ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው። ከአካባቢ ወደ ዙሉ ሲኬድ ግን መልሱ ሁለት ሊሆን ወይም ጭራሽ ላይኖር ይችላል።

ምስለ በረራው ራሱ የአካባቢ ሰዓትን ልዩነት የሚሰጥ ከሆነ አድ ኦን ሠሪው ያንን ሊጠቀም ይችላል። ጥቅሙ በመስኮት ከምትታየው ፀሐይ ጋር መስማማቱ ነው። ሆኖም ሁለት ነገር ማረጋገጥ አለበት። አንደኛው መረጃው የቀን ለውጦችን ያውቅ እንደሆነ ነው። ሁለተኛው የቁጥሩ ምልክት ነው፤ የሚሰጠው ልዩነት «አካባቢ ሲቀነስ ዙሉ» ነው ወይስ «ዙሉ ሲቀነስ አካባቢ»? ይህን ሳይፈትን የደመረ ሰው በካርቱም የ4 ሰዓት ስህተት ይገጥመዋል።

እኩለ ሌሊትና ቀኑ

በዙሉ 22:30 ላይ የካርቱምን 2 ሰዓት ብንደምር 24:30 ይሆናል። እንዲህ ያለ ሰዓት የለም። ትክክለኛው 00:30 ነው፤ ቀኑም የማግስቱ ነው። ስለዚህ ድምሩ ከ86,400 ሰከንድ ካለፈ 86,400 ይቀነስለታል፤ ቀኑ በአንድ ይጨምራል። ከግሪንዊች በስተምዕራብ ላሉ አገሮች ደግሞ ውጤቱ ከዜሮ በታች ሊወርድ ስለሚችል 86,400 ይደመርለታል፤ ቀኑ በአንድ ይቀንሳል። ቀን ሲለወጥ ወርና ዓመትም ሊለወጡ ይችላሉ። ሰዓቱ ቀን የሚያሳይ ከሆነ በዲሴምበር 31 ምሽት ካርቱም ላይ ሳይፈተን ለተጠቃሚ መቅረብ የለበትም።

የማይዋሽ የጊዜ መቁጠሪያ

አብራሪዎች በሰዓታቸው ላይ አብዝተው ከሚጠቀሙባቸው ነገሮች አንዱ የጊዜ መቁጠሪያው ነው። ለማረፍ ተራ የሚጠብቅ አውሮፕላን በአንድ ቦታ ላይ ሲዞር ቀጥ ብሎ የሚበርበት ጊዜ እስከ 14,000 ጫማ ከፍታ ድረስ አንድ ደቂቃ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ አንድ ደቂቃ ተኩል ነው። ይህ የሚለካው በሰዓት ነው።

እዚህ ላይ በብዛት የሚሠራው ስህተት ምስሎችን መቁጠር ነው። ፕሮግራም ጸሐፊው ኮምፒውተሩ በሰከንድ 30 ምስል እንደሚሥል ያይና በእያንዳንዱ ምስል ላይ የሰከንድ አንድ ሠላሳኛ ይደምራል። አውሮፕላኑ ብዙ ሕንጻ ወዳለበት ከተማ ሲቀርብ ኮምፒውተሩ ይከብደውና በሰከንድ 20 ምስል ብቻ ይሥላል። በዚያን ጊዜ መቁጠሪያው በአንድ ሰዓት ውስጥ 40 ደቂቃ ብቻ ይቆጥራል። አንድ ደቂቃ መሆን የነበረበት ዙር አንድ ደቂቃ ተኩል ይሆናል። ተማሪው ያላጠፋውን ጥፋት ለማረም ይደክማል።

ትክክለኛው መንገድ ቁልፉ የተጫነበትን ቅጽበት መዝግቦ አሁን ካለው ላይ መቀነስ ነው። ግን ከየትኛው ጊዜ? የኮምፒውተሩ ሰዓት ከሆነ ተጠቃሚው በረራውን ቆም አድርጎ ሻይ ሲጠጣም ይሮጣል። በረራው በአራት እጥፍ ሲፋጠን ደግሞ ወደ ኋላ ይቀራል። ዙሉ ከሆነ ተጠቃሚው ጠዋቱን ወደ ምሽት በቀየረበት ቅጽበት መቁጠሪያው በአንድ ጊዜ 10 ሰዓት ይዘላል። የሚያስፈልገው ምስለ በረራው ለብቻው የሚቆጥረው፣ ወደፊት ብቻ የሚሄድ የበረራ ጊዜ ነው። ይህ ቁጥር በረራው ሲቆምና ሲፋጠን ምን እንደሚሆን በየፕሮግራሙ መፈተን አለበት።

የማሳያውም ሥርዓት ከመሣሪያው ጋር መግጠም ይኖርበታል። የዳቭትሮን ሰዓት እስከ 59 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ድረስ ደቂቃና ሰከንድ ያሳያል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሰዓትና ደቂቃ ይሸጋገራል። የአውሮፕላኑ መብራት ሲጠፋ ማሳያው ቢጨልምም ሰዓቱ መቁጠሩን እንዳያቆም ተደርጎ መጻፍም ያስፈልጋል። ኤሌክትሪክ በመጣ ቁጥር ከ00:00 የሚጀምር ሰዓት የመኪና ሬዲዮ እንጂ የአውሮፕላን መሣሪያ አይመስልም።

የሐበሻ ሰዓት ቢጨመርስ?

በኢትዮጵያ ቀኑ በንጋት፣ ሌሊቱም በምሽት ከአንድ ጀምሮ ይቆጠራል። ይህን ለማሳየት የሚፈልግ አድ ኦን ሠሪ ቀላል ስሌት አለው። የኢትዮጵያ ሰዓት ከዙሉ በ3 ይቀድማል፤ የአገሬው አቆጣጠር ደግሞ ከዚያ ላይ 6 ይቀንሳል። በድምሩ ከዙሉ ላይ 3 መቀነስ ማለት ነው። ውጤቱ ከ12 ሲያልፍ 12 ይቀነሳል፤ ዜሮ ሲሆን 12 ተብሎ ይጻፋል። በዙሉ 09:00 ሲሆን ከቀኑ 6 ሰዓት ነው፤ በዙሉ 15:00 ሲሆን ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው።

ካርቱም ላይ ግን ይህም ጥያቄ ያስነሣል። በዙሉ 08:00 የካርቱም ሰዓት 10:00፣ የአዲስ አበባ 11:00 ነው። በዚያች ቅጽበት በካርቱም ያለ አማርኛ ተናጋሪ የከተማውን ሰዓት በአገሩ ልማድ ሲቆጥር «4 ሰዓት» ይላል፤ አዲስ አበባ ያለው ወንድሙ «5 ሰዓት» ይላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ፕሮግራሙ የትኛውን እንደሚያሳይ በግልጽ መጻፍ አለበት። በሬዲዮ ንግግርና በበረራ መዝገብ ላይ ግን ዙሉን የሚተካ የለም።

ፈተናው

የተሠራ ሰዓት ለሰው ከመስጠት በፊት የሚፈተንባቸው ቦታዎችና ቀኖች ከላይ ከተነገረው ይወጣሉ። በካርቱም በ1999፣ በ2016 እና በ2018 በአንድ ዓይነት የዙሉ ሰዓት መቆም፤ ውጤቶቹ በተራ ሁለት፣ ሦስት፣ ሁለት መደመራቸውን ማየት። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በርሮ ሰዓቱ እንዳልዘለለ ማረጋገጥ። በዙሉ 21:59 ላይ በካርቱም ቆሞ እኩለ ሌሊትን መጠበቅ። መቁጠሪያውን አስነሥቶ በረራውን ቆም ማድረግ፣ ማፋጠን፣ ሰዓቱን መቀየር። በመጨረሻም ባትሪውን አጥፍቶ ማብራት። ይህ ሁሉ ከአንድ ከሰዓት በኋላ በላይ አይወስድም።

እውነተኛው የካርቱም አየር ማረፊያ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. (እአአ ኤፕሪል 15 ቀን 2023) በሱዳን ጦርና በፈጥኖ ደራሹ ኃይል መካከል ጦርነት ሲቀሰቀስ ከመጀመሪያዎቹ የውጊያ ስፍራዎች አንዱ ሆነ። ወደ ሪያድ ለመብረር ሲዘጋጅ የነበረ የሳዑዲ አየር መንገድ አውሮፕላን በዚያው ቀን ተመታ፤ መደበኛ በረራም ተቋረጠ። በከተማዋ ይኖሩ ከነበሩት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ በየብስ ወደ መተማ አቀኑ። በኮምፒውተር ውስጥ ያለችው ካርቱም ግን ማኮብኮቢያዋ ክፍት ነው። ከተማዋን የሚያውቅ ሰው ቀኑን መልሶ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ሊነሣ ይችላል። የመረጠው ቀን በ2000ውና በ2017ቱ ለውጦች መካከል ከሆነ የሁለቱ ከተሞች ሰዓት አንድ ነው፤ ከዚያ በኋላ ከሆነ አዲስ አበባ አንድ ሰዓት ትቀድማለች። የሚገባ ሆኖ የተሠራ ሰዓት ይህን ልዩነት ተጠቃሚው ሳይነግረው ያውቃል።